ጨረር ማለት ራጅ ነው

ሐይቅ፣ መጋቢት ፲ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? አፊያሽ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት ይይዝሽ የነበረው ማስነጠስ ለቀቀሽ? ልጅሽስ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚነክሰው? ባልሽን ሰላም በይልኝ። ከሥራ ሲገባ ዝም የሚለው እንደ ድሮው ከሆነ ግድ የለም፤ ዝምተኛ ባል ከለፍላፊ ይሻላል። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባትሽ ደህና ነው። አክስትሽ ዘሀራም ደህና ናት፤ እኔን ላስታምም ብላ ቤታችን ከገባች ወዲህ ከማዘዝ በቀር ሌላ ሥራ የላትም። ሐይቁም እንዳለ አለ፤ እሱን ጭኖ መውሰድ አልተቻለም። እኔም ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤዬ ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ወይ ሞት አለበት ወይ ፍርድ ቤት ትያለሽ። ማንም አልሞተም፤ አብሽሪ። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፤ አልጋ ላይ ተንጋልዬ ስለምጽፍ ደግሞ ከመስመር ይወጣብኛል፤ ታገሺኝ። ዘሀራ በገባች ቁጥር ወረቀቱን ትራስ ሥር እከተዋለሁ። ዘሀራ ማንበብ አትችልም፤ መጠየቅ ግን ማንም አያህላትም። ስጨርስ ጎረቤታችን ሙሐዲን አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ስለሚሄድ ለእሱ እሰጠዋለሁ። ለማንም ሳያሳይ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ።

በስልክ ልጠይቅሽ ሞክሬ ነበር፤ አንቺም አልረሳሽውም። ስልኩ የአባትሽ ነው፤ ጆሮው ስለደከመ ድምፁን ለቅቆ ነው የሚያወራው። እኔና አንቺ ስናወራ ጠያቂው ሁሉ አብሮን ያወራል። ባለፈው ጁምዓ ግን መስጊድ ሲሄድ ስልኩን ረስቶት ሄደ፤ ዘሀራም ወፍጮ ቤት ነበረች። ደወልሁልሽና ያኔ አዲስ አበባ ጭኔ ላይ ያደረጉልኝ ነገር ራጅ ነው ወይስ ሌላ ነው ብዬ ጠየቅሁሽ።  ከዚያ እማ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም አልሽና ተዘጋ። ከጀርባሽ ግን ልጅሽ ሲስቅ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃት አልጋዬ ላይ አብሮኝ ተኝቷል።

መጀመሪያ እግሬ እንዴት እንደተሰበረ ልንገርሽ፤ አባትሽ የነገረሽ ልክ አይደለም። እሱ ስትሸሽ ከገደል ወደቀች እያለ ነው ለሰው ሁሉ የሚያወራው። ገደል የሚባል ነገር አልነበረም። ጥቅምት ላይ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲቀርብ ዓሣ ቤቱን ቆልፈን ወደ አምባሰል ወጣን። ያን ሁሉ ዳገት በእግሬ ስወጣ ምንም አልሆንሁም። እዚያ አንዲት ባልቴት ቤት ተጠጋን። ክርስቲያን ናቸው፤ እንግዶቻችን እንዳይሳቀቁ ብለው በፍስኩ ቀን እንኳ ሥጋ ሳያስገቡ በሽሮና በጎመን ከረሙ። አንድ ቀን ጠዋት ውዱእ ላደርግ ውኃ በጣሳ ይዤ ወደ ጓሮ ስወርድ አንዲት እርከን ነበረች፤ ዶሮ ሳትዘል የምትወርዳት። ቀኝ እግሬን ሳሳርፍ ከጭኔ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን ስሰማ ገና ቆሜ ነበር፤ ጣሳው እንኳ ከእጄ አልወደቀም። ሰው ወድቆ ይሰበራል፤ እኔ ተሰብሬ ወደቅሁ።

ሴቶቹ ጥይት መታት ብለው ደም ይፈልጉብኝ ጀመር። ደም የለም። ኋላ ነገሩን እንደሆነው ስነግራቸው ማንም አላመነኝም። ጦርነት ያስደነገጠው ሰው የቱ እንደቀደመ የቱ እንደተከተለ አያውቅም አሉኝ። እኔም ስለው ስለው ሰለቸኝና ወድቄ ነው ማለት ጀመርሁ። አሁን ግን ላንቺ ልክ ልኩን መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የባልቴቲቱ ወንድም ጋሽ ሽታው የአካባቢው ወጌሻ ናቸው። ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል፤ የሚከፈት ጤና ጣቢያ የለም፤ እሳቸው ባይኖሩ ምን እሆን እንደነበር አላህ ያውቃል። እግሬን ስበው አገጣጠሙት፤ በቀርከሃ ደግፈው ጠፍንገው አሰሩት። ከታች መሣሪያው ሲያጓራ ቤቱ ሁሉ ይርድ ነበር፤ የእሳቸው እጅ ግን ውልፍት አላለም። ታኅሣሥ ላይ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤቴ መለሱኝ። ዓሣ ቤቱ መጥበሻው ሳይቀር ተወስዷል፤ እሱን ተይው። ጋሽ ሽታው ከዚያ ወዲህም በበቅሎ እየወረዱ ያዩኛል። ሻይ እንጂ ሌላ ነገር ተቀብለው አያውቁም። ይህን የምነግርሽ ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ ብዬ ነው።

እስከ ጥምቀት ይያያዛል ብለውኝ ነበር። ጥምቀት አለፈ። ዐቢይ ጾማቸውም ገባ። ማሰሪያውን በፈቱት ቁጥር እግሬ ጉልበት በሌለበት ቦታ ይታጠፋል።  ሕመሙን ለምጄዋለሁ፤ ያ መታጠፉ ነው የሚያስፈራኝ። ሲታጠፍ የማየው እግር የእኔ አይመስለኝም፤ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስለኛል። ዘሀራ ዓይን ነው አለች። አንዷ ጠያቂ ተደብቃ እየተራመደች ይሆናል አለች፤ በምን እግሬ እንደምራመድ አልነገረችኝም። የአጃ አጥሚት፣ የተልባ ውኃ፣ የበግ ቅልጥም ያልገባ የለም። አጥንቴ እምቢ ሲል ሆዴ ነው ያማረበት።

ያለፈው ሳምንት ጋሽ ሽታው መጥተው ፈቱት፤ ደጋግመው ዳሰሱት። እሳቸው ሲያዩት የከረሙት የአጥንት ስብራት ሁሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ከዚያ መልሰው ሸፈኑኝና፣

«አጥንቱ ተኝቷል እታለም። የተኛ አጥንት ካልተቀሰቀሰ አይነሳም» አሉኝ።

መቀስቀስ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው አልነገሩኝም፤ አባትሽ ነው ሲወጡ ተከትሎ ጠይቆ የመጣ። የተያያዘች ነገር ካለች እንደገና ትሰበራለች። ከዚያ ሁለቱ የአጥንት ጫፎች እርስ በርስ ይታሻሉ፤ ደም እስኪመጣ ድረስ። ያ ደም ነው አጥንቱን የሚያጣብቀው። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ በዚህ ያስነሷቸው ሰዎች ዛሬ እርሻ ያርሳሉ አሉ። እውነት ይሆናል፤ እጃቸውን አልጠረጥርም። ግን እሳቸው የሚያውቁት ወድቆ የተሰበረ አጥንት ነው።

ቀኑ ተቆርጧል። ረመዳን ሊገባ ሲል ያለው ሐሙስ ነው። እግሬን ማን እንደሚይዝ፣ ትከሻዬን ማን እንደሚይዝ ተመድቧል፤ ከሰፈሩ ወንድ ጠንካራ ጠንካራው ተመርጧል። አባትሽ ራሴን ሊይዝ ነው። ዘሀራ አፌ ውስጥ የምትጨምረውን ጨርቅ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች፤ ከአልጋዬ ሆኜ በመስኮት አየዋለሁ። ነፋስ ሲያወዛውዘው ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጠያቂ ሲመጣ እስቃለሁ፤ ቀልደኛ ነሽ እኮ ይሉኛል። በር ሲንኳኳ ግን ሐሙስ የደረሰ እየመሰለኝ የአልጋዬን ጠርዝ እጨብጣለሁ። ወላሂ ልጄ፣ መድፉን እንዲህ አልፈራሁትም።

ደሴም ወስደውኝ ነበር፤ ይህን አባትሽ አልነገረሽም መሰለኝ። አንድ ልጅ እግር ሐኪም አየኝ። አባትሽ ባጃጅ ሊይዝ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ጭኔ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ እብጠት ነበር፣ አዲስ አበባ አወጡልኝ አልሁት። ጨረርስ ወስደሻል አለኝ። አዎ፣ ሐይቅም ተነስቻለሁ፣ ደሴም ተነስቻለሁ፣ አዲስ አበባማ በየቀኑ ነው ያነሱኝ አልሁት። ፈገግ አለ። እሱ ራጅ ነው እማማ፣ ጨረር ሌላ ነው አለኝ። እኔም እንደ አዋቂ ሆኜ የለም፣ አንድ ነው፣ ልጄ አዲስ አበባ ናት፣ ነግራኛለች አልሁት። ውጭ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ አልተከራከረኝም። ካልገጠመ ብረት ይገባለታል፣ ለጊዜው እኛ ጋ አልተጀመረም፣ አዲስ አበባ ውሰዷት ብሎ ሸኘን።

ልጄ፣ ጨረር ማለት ራጅ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ትዝ ይልሻል? ኮሮና የሚባለው ሳይመጣ ነው። እብጠቱን ካወጡልኝ በኋላ እንደገና ቀጠሮ አለሽ ብለሽ ወደዚያ ረጅም ኮሪደር ወሰድሽኝ። ራሳቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ የጨረር ታካሚዎች በዚህ በኩል አለች፤ አንቺም ክንዴን ይዘሽ አስነሳሽኝ። ጨረር ምንድን ነው ብልሽ የአዲስ አበባ ሰው ራጅን የሚጠራበት ነው፣ ጅማትሽን እያዩት ነው አልሽኝ። አመንሁሽ። አንቺን ሳላምን ማንን ላምን ነው። ሰው በሌለበት ክፍል አስተኝተውኝ ሁሉም ይወጣል፤ በሩ የመጋዘን በር ያህል ወፍራም ነው። መሣሪያው እየዞረ ያንዣብብብኛል፤ ጭኔ ላይ በቀለም የሳሉትን ምልክት እንዳላጥበው ያስጠነቅቁኛል። ሐይቅ ራጅ ሲያነሱኝ አንዴ ብልጭ ብሎ አለቀ፤ ፎቶውንም በመስኮት ብርሃን አሳይተውኛል። አዲስ አበባ ግን ሳምንት ከሳምንት ስመላለስ ቆዳዬ እስኪጠቁርና እስኪላጥ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ፎቶ አላሳዩኝም። ለብዙ ቀን ያነሱት ሰው አንድ ፎቶ የለውም? ያኔ ይህን አልጠየቅሁም። አንቺም ማታ ማታ ሽንኩርት ስትከትፊ ነበር የምታለቅሺው፤ ወጥ በማንሠራበት ቀንም ትከትፊ ነበር።

ለአንቺ ከመደወሌ በፊት ባንቺአየሁ መጥታ ጠየቀችኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው፤ እሷም ባለፈው ዓመት ጡቷን ታማ አዲስ አበባ ከርማ የመጣች ናት። እሷ በሽታዋን በስሙ ነው የምትጠራው፤ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ዘሀራ ሻይ ልታፈላ ስትወጣ ጎኔን አዟዙሪኝ ብዬ ለመንኋት፤ ስታዟዙረኝ ጭኔ ተገለጠና ጥቁሩን ቆዳ አየችው። እንዴ፣ አንቺም ጨረር ወስደሻል እንዴ አለች። አፏን ከመያዟ በፊት የራሷን ነገር አጫወተችኝ። እሷም ከጡቷ በታች እንዲሁ ጠቁሮባታል። አንድ ቀን ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል የጎድን አጥንቷ ቀጭ አለ፤ አልወደቀችም፣ ማንም አልመታትም። እስካሁን አልገጠመላትም። ሐኪሟ ጨረር ያገኘው አጥንት ውስጡ ይደርቃል፣ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም፣ ቢሰበር ቶሎ አይያያዝም ብሏታል። ወጌሻ እንዳይነካሽ፣ እንዳያሽሽ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቁስል ከተከፈተ መዝጋቱ ያስቸግራል ብሎ አስጠንቅቋታል።

እኔ እኮ የወሰድሁት ጨረር አይደለም፣ ራጅ ነው አልኋት።

ባንቺአየሁ አየችኝ። ፊቷ ላይ የሆነውን በምን ቃል እንደምጽፍልሽ አላውቅም። በሩን አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

«አዎ፣ ያንቺስ ራጅ ነው» አለች።

ከዚያ ስለ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ማውራት ጀመረች። ዘንድሮ ውኃው እንደገፋው፣ የእገሌ ማሳ እንደሰጠመ፣ ትነግረኛለች፤ እኔ እጇን ነው የማየው፤ የነጠላዋን ጥለት ትፈትላለች። ሻይዋን ሳትጠጣ ተነሳች። ባንቺአየሁ ሁሉ ነገር ይሆንላታል፤ ውሸት ብቻ አይሆንላትም።

የዚያን ቀን አባትሽ ሲገባ ስማ እስቲ፣ ያኔ አዲስ አበባ ብዬ ጀመርሁ። ራጅ ነው አለኝ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ። ከዚያ የዓሣ ቤቱን በር ልቆልፍ ብሎ ወጣ። ዓሣ ቤቱ በር የለውም፤ ከመጥበሻው ጋር ተወስዷል። ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። አዲስ አበባ ውሰዱኝ ስለው ደግሞ እምቢ ብሏል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣

«የዚያ አገር ሐኪም አፉ አይከደንም» አለኝ።

ይህን ካለ በኋላ ደንግጦ ከንፈሩን ነከሰ። እኔም ያልሰማሁ መሰልሁ። ምን እንደሆነ አየሽ? ጋሽ ሽታውን ተዉት ቢላቸው ለምን ይሉታል። ለምን ሲሉት እኔ እሰማለሁ። እኔ እንዳልሰማ ብሎ ራሴን አጥብቆ ይዞ ሊያሰብረኝ ነው። ሰውዬው ቀኑ ከተቆረጠ ወዲህ እህል አይወስድም። እኔ ሐሙስን ስፈራ እሱ ሁለቱን ይፈራል፤ ሐሙስንም እኔንም።

አልተቆጣሁሽም። አባትሽንም አልተቆጣሁትም። አገራችን እንዲህ ነው፤ የሞተውን ሰው እንኳ ታሟልና ድረስ ብለን ነው የምናስጠራው። ለሰው ክፉውን ነገር በእጁ ማስጨበጥ ነውር ነው፤ እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው። ግን ያ የሸፈናችሁት ነገር አሁን ከተሸፈነበት ወጥቶ እግሬን ሊበላው ነው። እናንተ ዝም ባላችሁ መጠን ለወጌሻው ነገሩ ይጠፋበታል፤ ጠፍቶበት ደግሞ ጭኔን ይዞ ያሸዋል። ባንቺአየሁ እንዳለችው ከሆነ ደም መጥቶ አያጣብቀኝም፤ ተከፍቶ ይቀራል። ከዚያ የሚቆረጥ ነው። ራጅ ብቻ ከነበረ ግን የጋሽ ሽታው ነገር ትክክል ነው፤ ፈርቼ ካዘገየሁት ዕድሜዬን ሙሉ ተጋድሜ መቅረቴ ነው። በአንድ ቃል ነው የተንጠለጠልሁት። ያን ቃል የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የበሽታውን ስም አልጠየቅሁሽም። ልብ በይ፤ አልጠየቅሁሽም፣ አልጠይቅሽምም። አንቺም እንዳትጽፊልኝ።

የማደርገውን ሳስብ ሰንብቼ አንድ ነገር አገኘሁ። ጋሽ ሽታው ስልክ አላቸው፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ከሐሙስ በፊት ደውይላቸው። ጨረር ከነበረ ጨረር ነበር በያቸው፤ ባንቺአየሁን ሐኪሟ ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ ንገሪያቸው፤ እንዳይነኩኝ ለምኛቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ምስጢር የማይጠብቅ ወጌሻ የለም። ሐሙስ ላለመምጣት ሰበብ አያጡም፤ ጾም ነው ይበሉ፣ በቅሎዬ አነከሰች ይበሉ፣ እንደፈለጉ። አባትሽም በእሳቸው ሰበብ ይተነፍሳል። እውነት ራጅ ከነበረ ደግሞ ምንም አትበያቸው። ሐሙስ ይምጡ፤ ጨርቁን ነክሼ እችለዋለሁ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት በሩን አያለሁ። ከመጡ ገባኝ። ከቀሩም ገባኝ። ማንም ለእኔ ምንም መናገር አይኖርበትም።

ከቀሩ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ነይና ውሰጂኝ። ያ ብረት የሚያስገባው ሐኪም እዚያው አንቺ አጠገብ ነው፤ እሱ ደግሞ ጨረሩንም አጥንቱንም አንድ ላይ ያያል። ለአባትሽ የልጅ ልጇን ትይልኝ ብለሽ አታልዪው፤ ለመታለል ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅሽ። ሐኪሞቹ ስለ በሽታዬ ከእኔ ፊት ማውራት ከጀመሩ እንደለመድሽው ጎትተሽ ወደ ኮሪደሩ አውጪያቸው። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ለአባትሽ ራጅ በይው። ለእኔም ራጅ በይኝ። ለጋሽ ሽታው ብቻ እውነቱን ንገሪያቸው።

ወረቀቱም አለቀ፤ ዘሀራም ማሰሮ አንኳኳች፤ ልትገባ ነው። አላህ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያብዛልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ የተናገርሽው ይስመርልሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኔን ያስታመምሽበት እጅሽ አይታጠፍ። ያስለቀስሁሽን ሁሉ አላህ በሳቅ ይመልስልሽ። አገሩንም ሰላም ያድርገው፤ አሚን በይ።

አንዲት ነገር ረስቼ። ስትመጪ ማታ ማታ ሲያስለኝ ትሰሚ ይሆናል። የአምባሰል ብርድ ነው በይኝ፤ አምንሻለሁ።

እናትሽ